ግዕዙ ብቻ የቀረ ደብዳቤ

ሃግሴትራ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተዋበች፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ እኔ ግን ስምዎን ስሰማ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። «የማላውቀው ሰው ስልኬን ከየት አገኘ? ምንስ ፈልጎ ነው?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሁለት ጥያቄ በተራ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥርዎን ያገኘሁት ከወንድምዎ ከማስረሻ የአድራሻ ደብተር ነው። ስሜ ብርሃነ ሥላሴ ነው። አገር ቤት ሒሳብ፣ እዚህ ደግሞ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከማስረሻ ጋር የተዋወቅነው በመጣ ሰሞን፣ የስደተኞች ካምፕ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ማስረሻ በነሐሴ ወር ስትሮክ መታው። በሕይወት አለ፤ ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ግን ተይዘዋል። የሚነገረውን ይሰማል፣ ሰው ይለያል። ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እንግዲህ» ይላል። ሲያመሰግንም «እንግዲህ»፣ ሲቆጣም «እንግዲህ»። ሐኪሞቹ ሁለተኛ እንዳይመታው ይሰጋሉ። አሁን ያለው ስፖንጋ በሚባል ሰፈር፣ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው።

ቤቱን ለአከራዩ ድርጅት ባዶ አድርጌ ማስረከብ ነበረብኝና ዕቃውን ስለቅም አንድ የድሮ ዲስኬት አገኘሁ። በላዩ ላይ በእጁ «ለተዋበች፣ ሐምሌ 90» ይላል። ቶሌሳ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ፋይሉን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ አይነበብም፣ መፍታት ይፈልጋል። እርስዎ ሳይፈቅዱ ልሠራበት አልወደድኩም። ልቀጥልበት? የምጠይቅዎ ይኸንኑ ነው።

በእጄ ጽፌ ፎቶ አንሥቼ የምልክልዎ ሆን ብዬ ነው። ፎቶ ፊደል አይበላም።

አክባሪዎ
ብርሃነ ሥላሴ


አዳማ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ብርሃነ ሥላሴ፤

ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ ለእርስዎም ጤናውን ያብዛልዎ። ለታመመ ሰው ማዘን እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን ያ ደብዳቤ አዲስ አይደለም፤ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ደርሶኛል። እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርዎ፤ ከዚያ በኋላ ልቀጥል ወይስ ልተው የሚለውን ራስዎ ይፍረዱ።

እናታችን በሐምሌ 1990 መጀመሪያ አረፈች። ልጇ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት ነው። ወንዱ አልመጣም። ሰው እየዞረ «ማስረሻስ?» ሲለኝ፣ ድንኳን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሰባት ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፍኩለት፤ «ለምን ቀረህ?» ብዬ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

መልሱ በመሥሪያ ቤታችን ኢሜይል መጣ። ያን ጊዜ ኢሜይል ብርቅ ነበር፤ ጸሐፊዋ አትማ «ተዋቡ፣ ወንድምሽ ጻፈልሽ!» እያለች ስትሮጥ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ፈረንጅኛ ነው። አንድ አማርኛ የለበትም። የጋራዡ ሹም የስዊድን መኪና መመሪያ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነበር፤ መነጽሩን አድርጎ አየና «ይህቺ አናቷ ላይ ቀለበት የጫነች ፊደል የእነሱ ናት። ስዊድንኛ ነው የጻፈልሽ» አለ። አንዱ ሳቀ። ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ለእናቴ ሞት በሰው አገር ቋንቋ መለሰልኝ። ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ተሳስተዋል» ብዬ ዘጋሁበት።

እንግዲህ ይኸው ነው። ስዊድንኛ የሚያውቁ ከሆነ ምን እንዳለኝ ተርጉመው ቢልኩልኝ አልጠላም። ሌላ ምንም እንዳይጠብቁብኝ።

ተዋበች


ሃግሴትራ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተዋበች፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ ይኸን ነው፤ የተጻፈልዎ ስዊድንኛ አልነበረም። አንድም የስዊድንኛ ቃል የለበትም። ማስረሻ የጻፈልዎ በአማርኛ ነው።

«ታዲያ ዓይኔ ምን አየ?» ይሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ፊደላችንን አያውቅም ነበር። በአማርኛ ያጽፉን የነበሩት ፕሮግራሞች በፈረንጁ ፊደል ላይ የእኛን መልክ ያለብሱት ነበር። ዓይን የሚያየው የለበሰውን ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ከልብሱ ሥር ያለው ፈረንጅ ነው። ያ ልብስ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ዕርቃኑን ይቆማል። የጋራዡ ሹም ያያት ቀለበት የጫነች ፊደል የእኛ ጠ ናት። ሁለት ነጥብ የጫነችው ደግሞ ጸ ናት። ሰውየው አልዋሸም፤ ፊደሏ የእነሱ ናት፣ ቃሉ ግን የእኛ ነበር።

ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዝቼ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጠርኩ፤ የትኛው የትኛውን ለብሶ እንደነበር አንድ በአንድ አገኘሁ። ስምንት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የተነበበልኝ መስመር ይህ ነው፦

ለአሀተ ለተወበቸ

«ለእህቴ ለተዋበች» ማለት ነው። ግን እንደሚያዩት ሁሉም ግዕዝ ሆኗል። በዚያ ፕሮግራም ሀ ስትጻፍ አንድ ፊደል ነበረች፤ ሁ ወይም ሂ ለማድረግ ከጎኗ ሌላ ምልክት ይጨመርባታል። እነዚያ ምልክቶች ከፋይሉ ውስጥ የሉም። ካዕብ የለ፣ ሣልስ የለ፣ ራብዕ የለ። አሁን እዚህ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል፤ በባቡር መስኮት ሳየው ያ ገጽ ትዝ ይለኛል። ግንዱና ቅርንጫፉ አለ፤ ምን ዛፍ እንደሆነ ግን ከሩቅ አይለይም።

ቀላል እንዳይመስልዎ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአምስተኛው መስመር ላይ «መተ» የሚል አለ። ሞተ ይሆናል፣ ማታ ይሆናል፣ መታ፣ መቶ፣ ሙት ይሆናል። ከዓረፍተ ነገሩ ካልታወቀ በቀር እኔ የመረጥኩትን ልጽፍልዎ አልችልም። የተማሪን ወረቀት ስታርም ሊል የፈለገውን እየገመትክ ነጥብ አትሰጥም።

ለምን እንደቀረ የሚናገረውን መስመር አግኝቼዋለሁ። እንዳለ ይኸው፦

አነተ አተመጠ አለቸኘ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃል አያሻሙም፤ «አትምጣ አለችኝ» ነው። የመጀመሪያውን ግን «አንተ» ብዬ ማንበብ እችላለሁ፤ ያኔ «አንተ፣ አትምጣ አለችኝ» ይሆናል። ያለችው ማን እንደሆነች አይናገርም። ሌላም ንባብ አለ፤ ሳላጣራ አልጽፈውም።

ምልክቶቹ የት እንደጠፉ መጠየቅዎ አይቀርም። በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

አክባሪዎ
ብርሃነ ሥላሴ


ሃግሴትራ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተዋበች፤

ከመልስዎ ጋር ቁጣዎንም ተቀብያለሁ። «እኔ አትምጣ ብዬው አላውቅም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አሥምረውበታል፤ አንድ ጊዜም ቢሆን አምንዎ ነበር። «አለችኝ» ያላት እርስዎን ነው አላልኩም። ነገር ግን ሌላውን ንባብ መደበቄ ጥርጣሬውን በእርስዎ ላይ እንደሚጥል ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩምና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ንባቡ ይህ ነው፤ «አነተ» «እናቴ» ተብሎም ይነበባል።

አንተ ወይስ እናቴ? ያለ ምልክቱ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወረቀት ብቻ ይዤ ብቀመጥ እስክሞት አልለያቸውም። ስለዚህ የጻፈውን ሰው ለመጠየቅ ሄድኩ።

ማክሰኞና ዓርብ ከሃግሴትራ በምድር ባቡር መሀል ከተማ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር ስፖንጋ እሄዳለሁ። በዚህ ወር ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ከምሳ በኋላ ስሳፈር ብርሃን ነው፣ ስወርድ ሰማዩ ሰማያዊ ቀለም እንደፈሰሰበት ወረቀት ነው፤ በየመስኮቱ የገና የወረቀት ኮከብ ይበራል። አንዳንዴ የነቃሁ አይመስለኝም።

እሱን የምትንከባከበው ርሆቦት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወረቀት ይዤ ስገባ አየችኝና፣

«ጋሼ ብርሃነ፣ ዛሬም ፈተና ይዘው መጡ?» አለችኝ።

«ጥያቄ ነው እንጂ ፈተና አይደለም።»

«ኧረ እባክዎ! ጋሽ ማስረሻ እርስዎን ሲያዩ ፊታቸው የቤት ሥራ እንዳልሠራ ልጅ ይሆናል። አይደል ጋሽ ማስረሻ?»

«እንግዲህ» አለ።

«ይኸው! አላልኩም? ሀ ሁ ያስቆጥሯቸውና ይገላገሉ።»

ለጨዋታ ያለችው ነው። እኔም ለጨዋታ «ሀ» አልኩ። ወይዘሮ ተዋበች፣ ማስረሻ ቀና አለና «ሁ» አለ። «ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ።» ሳይደናቀፍ። ከዚያ ሳልነግረው «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» አለና እስከ ፐ ድረስ ወረደ፤ ድምፁም የልጅነቱን ዜማ ይዟል። ርሆቦት ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማርጊት የምትባል ዘጠና ዓመት የሞላት ስዊድናዊት አዛውንት ከወንበሯ ላይ ሆና በጭብጨባ ትከተለው ጀመር። ሲጨርስ እሷም በቋንቋዋ «ሌላ!» አለችው።

የንግግር ሐኪሟን ጠየቅኳት። በልጅነት በዜማ የገባ ተራ ነገር፣ ቁጥርም ጸሎትም፣ ንግግር ከሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ አይጠፋም አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሞከርኩት። ስሙን ያለ ምልክት «መሰረሸ» ብዬ ጻፍኩና ጣቴን መ ላይ አደረግሁ። «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» አለና ቆመ። አየኝ። ሰ ላይ አደረግሁ፤ «ስ» ላይ ቆመ። ረ ላይ፣ ገና እንደጀመረ ቆመ። ሸ ላይ፣ «ሻ» ላይ ቆመ። እንባውም መጣ፤ የእኔንም አልደብቅም።

ሆኖም ደስ ስላለን ብቻ እውነት አይሆንም። ለማጣራት እኔ የማውቃቸውን ሃያ ቃላት ሰጠሁት፤ ዐሥራ ስምንቱን በትክክል አነበበ። ሁለት ስህተት ብዙ ነው። ስለዚህ ደንብ አውጥቻለሁ፤ የሚያሻማ ቃል በሦስት የተለያየ ቀን በአንድ ዓይነት ካልተነበበ አልጽፍልዎም። ይታገሱኝ።

አክባሪዎ
ብርሃነ ሥላሴ


አዳማ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ብርሃነ ሥላሴ፤

ደብዳቤዎን ከተቀበልኩ ወዲህ ሥራ አልያዘልኝም። ቡናዬን አስቀምጬ እረሳለሁ፤ ሽሮ አሳርሬ ጎረቤት ናት የነገረችኝ። «እናቴ» የምትለዋ ቃል ለምን እንዳስደነገጠችኝ ልንገርዎ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እናታችን ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ስልክ ተደወለ። ስልኩ ከአልጋዋ አጠገብ ነበር። አነሣሁት፤ ማስረሻ ነው። «ስጪኝ» አለችኝ፤ ሰጠኋት። ከዚያ «ውኃ አምጪልኝ» አለች። ውኃው እኮ ከራስጌዋ አለ። «ይኸው» ብላት «ቀዝቃዛ አምጪልኝ» አለችኝ። ወጣሁ። ስመለስ ስልኩ ተዘግቷል። «ምን አለሽ?» ብላት «ሰላም ነው» አለች፤ ያመጣሁትንም ውኃ አልጠጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሙ ነው ብዬ ተውኩት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሕመሙ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

እና መምህር፣ ሦስት ቀን ያሉትን አራት አያድርጉብኝ።

ሌላም አለ። ምልክቶቹን ማን በላቸው? ጽሑፍ ራሱን አያወልቅም። በቁጣው ደብዳቤዬም ጠየቅኩ፣ ዘለሉት። መምህር ጥያቄ ሲዘል ተማሪ ያውቃል።

ርሆቦት ለምትባለው ልጅ ሰላምታ ያድርሱልኝ። ለማስረሻ ገና ምንም አይበሉልኝ።

ተዋበች


ስፖንጋ፣ ከመኖሪያው ሳሎን
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተዋበች፤

እንዳይዘገይብዎ ቤቴ እስክደርስ አልጠበቅሁም፤ እዚሁ ከማስረሻ አጠገብ ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ። ውጭ በረዶ ይወርዳል። ይህ በረዶ ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ መንገዱንም አጥሩንም እኩል ሸፍኖ ሁሉን አንድ ያደርገዋል።

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ጣቴን አ ላይ አደረግሁ። «አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ።» እዚያ ቆመ። ነ ላይ፣ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና።» ቆመ። ተ ላይ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ» አለና አፉን ገጠመ። ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ነበር፤ ባለፈው ዓርብም እንዲሁ።

እናቴ አትምጣ አለችኝ።

ከእንግዲህ ይህ ንባብ አይለወጥም። የቀረውን መስመር እየሠራን ነው። ቀን በቀን ይደክመዋል፤ የሚያሻሙትን ብቻ እጠይቀዋለሁ፣ በቀን ከስድስት ቃል በላይም አላሠራውም። ርሆቦትም «ጋሼ፣ ዕረፍት ይስጧቸው እንጂ፣ የደወል ሰዓት የለም እንዴ በእርስዎ ትምህርት ቤት?» እያለች ወረቀቴን ትነጥቀኛለች።

ሌላኛውን ጥያቄዎን አልዘለልኩትም። ከሙሉው ደብዳቤ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለየብቻ ልልካቸው አልችልም።

ብርሃነ ሥላሴ


ሃግሴትራ
ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተዋበች፤

ሙሉው ደብዳቤ ይኸውልዎ። በቅንፍ የጨመርኩት የለም፤ አሻሚ ሆኖ ሦስት ጊዜ ያልተረጋገጠ ቃልም የለበትም።

«ለእህቴ ለተዋበች፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለምን ቀረህ ላልሽኝ እውነቱን እነግርሻለሁ። ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ደውዬ ነበር። ልመጣ ነው አልኳት። እናቴ አትምጣ አለችኝ። የመኖሪያ ወረቀትህን ሳትይዝ ከወጣህ አያስገቡህም፤ እኔ ከሞት አልመለስም፣ አንተ ግን ገና መንገድ አለህ አለችኝ። ማታ ሆኖ አገሩ ሁሉ ሲተኛ ድምፅዋ ይመጣብኛል። ለተዋበች አትንገራት፣ ከእኔ ሳትማከር ቆረጠች ብላ ታዝናለች አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለቴ ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ይኸው ቃሌንም አፈረስኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። የት አረፈች? በየትኛው በር ይገባል? ማን አጠገብ ናት? መምጣት ባልችል ዓይኔን ጨፍኜ እንድሄድበት።

ወንድምሽ ማስረሻ»

የመኖሪያ ፈቃዱ የመጣለት ከዚህ በኋላ በአምስተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ትኬት ቆርጦ ነበር፤ እርስዎ «ተሳስተዋል» ያሉት ይህን ሊነግርዎ ሲደውል ነው። ደብዳቤዬን አንብባ ነው የዘጋችብኝ ብሎ ትኬቱን መለሰ። ለካስ እርስዎ አላነበቡትም ነበር። ለምን እንዳላነበቡት አሁን እናገራለሁ።

ምልክቶቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ማስረሻ ደብዳቤውን በአንድ ወዳጁ ኮምፒዩተር ጽፎ፣ ዲስኬቱን ይዞ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ፤ ኢሜይል የነበረኝ እኔ ነበርኩ። የእኔ ኮምፒዩተር ያ የአማርኛ ልብስ አልነበረውም። ስከፍተው የፈረንጅ ፊደል ሆኖ መጣ። ያ አላስደነቀኝም፤ እናንተ ዘንድ ፕሮግራሙ ካለ ይለብሳል ብዬ ነበር። ነገር ግን በየፊደሉ መሀል የማላውቀው ኮተት ተሰግስጎ አየሁ። የግማሽ ቁጥር ይመስላል፣ ጭረት ይመስላል፣ የተሰበረ መስቀል ይመስላል። ዲስኬቱ ተበላሽቶ የገባ ቆሻሻ መሰለኝ። እኔ ቆሻሻ ጽሑፍ አልወድም። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም አጠፋሁ፣ በላዩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ላክሁልዎ። የቀረው ንጹሕ፣ የተስተካከለ ገጽ ነበር፤ ስዊድንኛ እስኪመስል ድረስ ንጹሕ። ማስረሻ ከጎኔ ቆሞ «ሄደ?» አለኝ። «በደንብ አድርጎ ሄደ» አልኩት።

ያጠፋሁት ካዕቡን፣ ሣልሱን፣ ራብዑን እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ጥቅምት፣ ፋይሉ ከዲስኬቱ ሲወጣ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ አውቅ ነበር። ካነበቡት በኋላ ሥራውን እንዳይከለክሉኝ ፈራሁ፤ ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማመካኛ አይሆንም።

ዛሬ ለማስረሻም ነገርኩት። ከወንበሩ ፊት ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በደኅናው እጁ እጄን ያዘና «እንግዲህ» አለ። ርሆቦት «ምሕረት ነው ጋሼ» አለችኝ። እኔ ግን ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሦስት ጊዜ አላረጋገጥኩም።

ከእርስዎ ምሕረት አልጠይቅም። ለእሱ ጥያቄ ግን መልስ ካለዎት፣ እባክዎ።

ብርሃነ ሥላሴ


አዳማ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣ ይህን ለእሱ ያንብቡለት፤ ቀስ ብለው። የፊደል ግድፈት ቢያገኙ እንዳያጸዱብኝ። ከእርስዎ ጋር ያለንን በሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ ተቆጥቻለሁ፣ አልሸሽግም። ቢሆንም ከነቁጣዬ ሰላም እልዎታለሁ።

ለወንድሜ ለማስረሻ፤

በሐምሌ ዘጠና የጻፍክልኝ ደብዳቤ በጥምቀት ሰሞን ደረሰኝ። ዘገየሁብህ።

ውኃ አምጪልኝ ብላ ያስወጣችኝ ጊዜ ነው አይደል? ሞኝ ነበርኩ፤ በር ላይ ቆሜ ማዳመጥ ይገባኝ ነበር። ከሁለታችን ደብቃ ሁለታችንንም አሰበችልን፤ መቼም ሳትቆጣጠረን የዋለችበት ቀን የለም። ሐሙስ ከሰዓት እደውላለሁ፣ ልጅቷ ስልኩን ጆሮህ ላይ ትያዝልህ። አንተ እንግዲህ በለኝ፤ የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ያኔ ብጽፍልህ ኖሮ ከቤተ ክርስቲያናችን ምሥራቅ በር ገብተህ ከዋርካው ሥር እልህ ነበር። ያ ቦታ ዛሬ የለም። ከአራት ዓመት በፊት ለአዳራሽ ሥራ ተቆፈረና አጽሟን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ የላትም ወይ አሉኝ፤ አላት፣ መንገድ ላይ ነው አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላወቅሁትም።

ዓይንህን ጨፍን። በዋናው በር ግባ፤ ሦስት ደረጃ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ተሸርፏልና ቀኝ እግርህን ቀስ በል። ወርደህ ወደ ግራ ታጠፍ። ከእግርህ ሥር ጠጠር ነው፣ ይንኮሻኮሻል። ቤተ ልሔሙን ስታልፍ ቧንቧ የሚንጠባጠብ ትሰማለህ፤ ማንም አይጠግነውም። ከቧንቧው ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ የእኔ እርምጃ ነው፣ ላንተ ዐሥራ ስምንት ይበቃሃል። በቀኝህ እትዬ ሸዋሉል ናት፤ በውኃ ወረፋ ከእማዬ ጋር ስትነታረክ የኖረችውን አስታወስካት? አሁን ጎን ለጎን ናቸው፣ ምን ይባባሉ ይሆን። ቀጥሎ ነጭ ድንጋይ አለ፤ ስሟን በደንብ ነው ያስቀረጽኩት፣ ዳስሰው።

እዚህ ጋ ቁም። ደርሰሃል። እኔም ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ፀሐዩ ጥሩ ነው።

እህትህ ተዋበች